ስለ ቀኝ ትከሻዎ

ለምወድዎትና ለምሳሳልዎት አባቴ፤

እንደምን ከረሙ አባዬ? እንቅልፉስ እንዴት ይዞዎታል? በየትኛው ጎንዎ ነው የሚተኙት? እማዬስ እንደምን ነች? ጉልበቷ ከደረጃው ጋር ታረቀ? ትንሿ እህቴስ ሥራ በደህና ውላ ትገባለች? አጎቴስ ያ ሳል ለቀቀው ወይስ ዛሬም ከሲሚንቶው ጋር እየተጣላ ነው? ጎረቤቱ በሙሉ፣ የግቢው ድመት ሳትቀር፣ እንደምን አላችሁ? ናፍቆቴ በወረቀት የሚያልቅ አይደለም። እናንተን ሳስብ በልብስ ማጠቢያው ቤት ያጠፍኩትን አንሶላ መልሼ ፈትቼ እንደገና የማጥፍበት ቀን አለ፤ አለቃችን አይቶ «አንሶላው ምን በደለሽ?» ይለኛል።

እዚህ ላይ «እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ» ብዬ መቀጠል ነበረብኝ። ደብዳቤ ሲጻፍ እንዲያ እንደሆነ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ዛሬ ግን ያቺን ቃል ዘልያታለሁ፤ ምክንያቱን ወደ ታች ሲወርዱ ያገኙታል። መነጽርዎን ያድርጉና ራስዎ ያንብቡት። ለትንሿ ሰጥተው «ምን ትላለች?» እንዳይሉ፤ እሷ ደስ ያላትን እየመረጠች ነው የምታነበው።

በስልክ ያልነገርኩዎት እርስዎን በስልክ ማን ስለሚችልዎት ነው? «ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ፣ በይ ሥራሽን ያዢ» ብለው ጆሮዬ ላይ ይዘጉታል። ወረቀት ግን አይዘጋም።

ባለፈው እሑድ በቪዲዮ ስንተያይ ስልኩን በግራ እጅዎ ይዘውት ነበር። የፊትዎ ግማሹ ብቻ ይታያል፣ ከኋላዎ ኮርኒሱ ይወዛወዛል። እኔም ጨዋታ ያወቅሁ መስሎኝ፣ «አባዬ፣ በስተርጅና ግራኝ ሆኑ እንዴ?» አልኩ። ማንም አልሳቀም። እማዬ አንገቷን ደፋች፣ ትንሿ ብድግ ብላ ወጣች፣ እርስዎም ኔትወርኩ አስቸገረኝ ብለው ዘጉት። ኔትወርኩ ምንም አልሆነም ነበር አባዬ። ድምፅዎ ጥርት ብሎ ይሰማኝ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ትንሿ ከደጅ ሆና ደወለችልኝ። ኮትዎን የሚያለብስዎ እማዬ መሆኗን፣ ጎርደድ ሲሉ ቀኝ እጅዎን ኪስዎ ውስጥ የሚከቱት ለኩራት ሳይሆን እንዳይወዛወዝብዎት መሆኑን ነገረችኝ። ሐኪሙ በአልትራሳውንድ አይቶ ከትከሻዎ ጅማቶች አንዱ እስከ ግማሹ ተቀዷል ማለቱንም ነገረችኝ። ምን ቀደደው ብላት ወሬ ለወጠች። ስጨቀጭቃት ጊዜ፣ «የላክሽውን ቪዲዮ እያዩ ሲሠሩ ነው» አለችኝና አለቀሰች። እኔ አላለቀስኩም። ለማልቀስ እንኳ ፊት አጣሁ።

የሆነውን እርስዎ በእርስዎ በኩል ያውቁታል። እኔ ደግሞ በእኔ በኩል ያለውን ልንገርዎት።

የእኔም ትከሻ ታሞ እንደነበር ያስታውሳሉ። እርጥብ አንሶላ ከማሽን ውስጥ መጎተት ቀላል ይመስላል እንጂ፣ ተጠላልፎ ሲወጣ ከበሬ ጋር እንደ መጓተት ነው። ሐኪም ቤት ስሄድ እንቅስቃሴ ወደምታሠራ ባለሙያ ላኩኝ። አጭር፣ ቆጣ የምትል ሴትዮ ነች። መድኃኒት ይሰጡኛል ስል አንዲት ስስ የላስቲክ ጥብጣብ ሰጠችኝ። ክርንሽን ጎንሽ ላይ ለጥፈሽ፣ ቀስ ብለሽ ወደ ውጪ ሳቢ፣ ቀስ ብለሽ መልሺ አለችኝ። በቃ ይኸው ነው። ተናደድኩ። የአንሶላ ክምር የማነሣ ሴትዮ የጸጉር ማሲያዣ በምታህል ላስቲክ ልታከም ነው ብዬ በልቤ ሳቅሁባት።

ከዚያ እርስዎ ደውለው፣ በጨዋታ መሐል፣ ጣሪያ ስለስን ቀኝ እጄ ይከብደኝ ጀምሯል አሉኝ። ያን ጊዜ ነበር መንቃት። እርስዎ «ይከብደኛል» ካሉ ሌላ ሰው በቃሬዛ ተኝቷል ማለት ነው። እኔ ግን ደስ አለኝ፤ አዎ፣ ደስ አለኝ፤ ለአባቴ የማስተምረው ነገር ተገኘ ብዬ። የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ቀርጬ እልክልዎታለሁ ብዬ ፎከርኩ።

በማግሥቱ በምሳ ሰዓት፣ ሣቂታ የምንላት የሥራ ባልደረባዬ ስልኩን ያዘችልኝ፣ ሌሎቹም ከበቡኝ። ላስቲኳን ከኪሴ አወጣኋት። አየኋት፣ አፈርኩባት፣ መልሼ ከተትኳት። በምትኩ በፈሳሽ ሳሙና የተሞላውን ጀሪካን አንሥቼ ከራሴ በላይ እያወጣሁ አወረድኩ። ወገቤ ተለምጦ፣ ትከሻዬ ጆሮዬን ነክቶ፣ ፊቴ ቲማቲም መስሎ። «አባዬ፣ እንዲህ ነው! ጥርስ ነክሶ ነው!» አልኩ። አጨበጨቡልኝ። ያቺን ጭብጨባ አሁን ስሰማት ያመኛል።

ባለሙያዋ ደጋግማ የነገረችኝን አንድ ቃል ግን አልነገርኩዎትም። «ሲቆነጥጥሽ አቁሚ» ነበር ያለችኝ። ረስቼው እንዳይመስልዎ። ቃሉ አፌ ላይ ነበር፤ ለእኛ ቤት ሰው የሚነገር ስላልመሰለኝ ነው የዋጥኩት። እኛ ቤት ሕመም ሲመጣ ወንበር የሚሰጠው የለም፤ ቆሞ ቆሞ ይሄዳል። እማዬ እጇን ምድጃ አቃጥሏት «ሞቅ አለኝ» ያለች ሴት ናት። እርስዎ ሚስማር ጫማዎን በስቶ ገብቶ ግድግዳውን ጨርሰው ነው ጫማዎን ያወለቁት፤ ብረቱ የሚለውን ቅጽል ስም ግንበኞቹ ያወጡልዎት ያኔ አይደል? ይኼን እየሰማሁ ያደግሁ ልጅ «ሲያምዎ ያቁሙ» ብዬ ብልክልዎ እንደ ስድብ ይቆጠርብኛል ብዬ ፈራሁ።

እርስዎም ቪዲዮውን አይተው፣ ልጄ ጀሪካን ካነሣች እኔ ምን ላንሣ ነው ብለው የልስን ባልዲውን አሸዋ ሞሉት አሉ። አጎቴ ተው ቢልዎት፣ «ልጄ መች አቆመች?» አሉት አሉ። ትንሿ ይኼን ስትነግረኝ ስልኩን ከጆሮዬ አራቅሁት። ከልጅ አትጫወት ይወጋሃል በእንጨት የሚሉት እውነታቸውን ነው። ባልዲው አምልጦዎ ሲወድቅ እንኳ «አንሸራተተኝ» ብለው ወደ ቤት ገቡ አሉ።

አባዬ፣ ያን ጅማት የቀደድኩት እኔ ነኝ። አሸዋውን እርስዎ ይሙሉት እንጂ ያሸከምኩዎት እኔ ነኝ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ፤ የእኔ አፍ ወለም ብሎ የታመመው የእርስዎ ትከሻ ሆነ። «አንቺ ምን በወጣሽ» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። እባክዎ አይበሉኝ። ለአንድ ጊዜ እንኳ በእኔ ይናደዱ።

ሰኞ ዕለት ባለሙያዋ ዘንድ ሄድኩ። ቪዲዮውን አሳየኋት። ትስቃለች ወይም ትቆጣለች ብዬ ነበር፤ ሁለቱንም አላደረገችም። እስከ መጨረሻው አይታ ስልኩን መለሰችልኝና፣ «ይኼን ለማን ላክሽው?» አለችኝ።

«ለአባቴ» አልኳት።

ወንበር ስባ ተቀመጠች። ትንሿ የላከችልኝን የሐኪሙን ወረቀትም አነበበችው። ግማሹ ጅማት አለ፣ ግማሹ ካለ ተስፋ አለ አለች። በትዕግሥት ከተያዘ ያለ ቀዶ ጥገና ሊድን ይችላል፤ አሁን ከራሱ በላይ እጁን ሰቅሎ ከሠራ ግን የቀረው ይሄዳል፣ ያን ጊዜ ከትከሻው በላይ ማንሣቱን እንጃ አለችኝ። እንግዲህ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሁንብኝና፣ ያሳየችኝን እጽፍልዎታለሁ። ዛሬ ከራሴ የጨመርኩት የለም። ቢሆንም አስቀድመው ለሐኪምዎ ያሳዩት፤ እሱ አይሆንም ያለውን ይሰርዙት።

መጀመሪያ የሚሠሩት ምንም የማይነሣበት ነው። ጠረጴዛውን በግራ እጅዎ ይደገፉ፣ ጎንበስ ይበሉ፣ ቀኝ እጅዎን ይልቀቁት፤ ዝም ብሎ ይንጠልጠል። ባለሙያዋ ስታሳየኝ ግድግዳ የሚያቀኑበት፣ በክር የሚንጠለጠለው ቱንቢዎ ትዝ አለኝ። ቱንቢ በራሱ አይወዛወዝም፣ ክሩ ነው የሚያወዛውዘው ይሉ የለ? እጅዎም እንደዚያው ነው፤ ገላዎን ትንሽ ወዲያና ወዲህ ሲሉት እሱ ተከትሎ ይወዛወዝ። እርስዎ በጉልበት ካንቀሳቀሱት ተበላሸ።

ሁለተኛው ተቀምጠው ነው። ሁለቱን የትከሻ አጥንቶች ከኋላ ወደ መሐል ሰብሰብ፣ ወደ ታችም ዝቅ ያድርጓቸው፣ ጥቂት ይቆዩና ይልቀቁ። ትከሻ ወደ ጆሮ መውጣት የለበትም። እኔ በቪዲዮው ላይ ያጠፋሁት አንዱ ይኸው ነው። ትንፋሽዎንም አያፍኑ። የገዛ ትከሻዎ መውጣቱ ስለማይታወቅዎ እማዬ ፊት ለፊትዎ ትቀመጥና ውኃ ልክዎ ትሁን። ቀኙ ከግራው ከፍ ካለ «ዝቅ» ትበልዎት። እሷ እርስዎን ማዘዝ የምትጠላ አይመስለኝም።

ሦስተኛው ግድግዳ አጠገብ ቆመው ነው። ፎጣ ጠቅልለው በክርንዎና በጎንዎ መሐል ይያዙ፤ ፎጣው ከወደቀ ክርንዎ ከቦታው ወጥቷል ማለት ነው። ክርንዎን አጥፈው የእጅዎን ጀርባ ወደ ግድግዳው ገፋ ያድርጉት። ምን ያህል ይገፋ ብዬ ስጠይቃት እንቁላል እንዳይሰበር ያህል አለችኝ። እኔ ለእርስዎ ልተርጉመው፤ ልስኑ ደርቆ እንደሆነ በእጅዎ ጀርባ እንደሚዳስሱት ነው። ያቺን ዳሰሳ ከእርስዎ በላይ ማን ያውቃታል? ላስቲኩ የሚመጣው ይኼኛው ሳያምዎ ሲቀርና ሐኪሙ ሲፈቅድ ነው። ቀስ ብሎ መሳብ፣ ከዚያም ቀስ ብሎ መመለስ። አመላለሱ ላይ ነው የሚያጠነክረው አለችኝ፤ እኔ ጀሪካኑን ስመልስ እንደ ድንጋይ ነበር የምጥለው።

አሁን ዋናው። ጡንቻ ድክም ቢለው ግድ የለም፣ ያልፋል። ውስጡን በመርፌ እንደ መውጋት ካለዎ ግን ያቁሙ። ጥርስዎን አይንከሱ። ጥርስ ነክሶ የሚባለውን ከእኔ አፍ የወጣውን በሙሉ ይርሱት። እጅዎ ቢደነዝዝ ወይም ሕመሙ እንቅልፍ ቢነሣዎ ለሐኪሙ ይንገሩት። ባልዲ፣ ጀሪካን፣ ጆንያ፣ የልጅ ልጅም ቢመጣ እንኳ፣ ከደረት በላይ አይነሣም።

ይኼ ሁሉ የሕፃን ጨዋታ መስሎ እንደሚታይዎ አውቃለሁ፤ እኔም መስሎኝ ነበር። ስለዚህ በራስዎ ቃል ልያዝዎት። የታችኛው ልስን ሳይደርቅ የላዩን የጫነ ለሳኝ ግድግዳው ይተፋበታል ይሉ ነበር። አጎቴ ቸኩሎ የለሰነው ሳሎን በአንድ ክረምት ተላጦ ሲወርድ «ግድግዳ አይቸኩልም፣ ግድግዳን የሚያስቸኩለው ሰው ነው» ብለው ሲስቁበት ነበር። ትከሻዎም ግድግዳ ነው አባዬ። የመጀመሪያውን ልስን አሁን ነው የምንለስነው፤ ይድረቅ።

የአዳራሹን ሥራ እንደተቀበሉ ሰምቻለሁ። ትንሿ ናት የነገረችኝ፤ እንዳይቆጧት፣ አስለፍልፌያት ነው። ኮንትራክተሩ ጣሪያውን ከብረቱ በቀር ማንም አይነካብኝም እንዳለ፣ እርስዎም ዕቃዎን አውጥተው እንደወለወሉ ነገረችኝ። ወደ መወጣጫው የሚወጡበት ቀን እየቀረበ ነው አለች። ጣሪያውን አጎቴ ይያዘው። እርስዎ ታች ሆነው ከደረት በታች ያለውን ይለስኑ፤ እሱንም ሐኪሙ ሲፈቅድ። ከታች ቆመው አጎቴን ይስደቡት፤ እሱ ያለ እርስዎ ስድብ ቀጥ አድርጎ መለሰን አይችልም። ሰው ምን ይላል አይበሉ። ሰው አንድ ሳምንት ያወራና ወሬ ይለውጣል፤ ትከሻ ግን አይለወጥም።

አሁን ከላይ የዘለልኩትን ልንገርዎ። ያ የጀሪካን ቪዲዮ የእኔንም ትከሻ አልማረውም። ባለሙያዋን እያታለልኩ፣ ላስቲኩን እየተውኩ፣ ለባልደረቦቼ ጀሪካን ሳነሣ ከርሜያለሁ። ማክሰኞ ዕለት እርጥብ አንሶላ ስጎትት ውስጡን ወጋኝ። አፌ እንደ ልማዱ «ምንም አይደል» ሊል ተከፈተ። የእርስዎ ግራ እጅ ስልኩን እንደያዘ በዓይኔ ላይ መጣብኝ። አንሶላውን ለቀቅሁትና አለቃችንን «አመመኝ» አልኩት።

ቃሉ ሲወጣ ጣሪያው የሚወርድብኝ መስሎኝ ነበር። አለቃችን ቀና ብሎ አየኝና፣ እንግዲያው ተይው፣ ማጠፊያው ጋ ሂጂ ብሎ ወደ ሥራው ተመለሰ። በቃ። ይኸው ነው አባዬ። ይኼን ያህል ዘመን በጥርሳችን የያዝናት ቃል እንደዚህ ቀላል ኖራለች። ማጠፊያው ጠረጴዛ ጋ ቆሜ ሳቅሁ፣ ከዚያም ያኔ ያልመጣው ለቅሶ መጣ። ሣቂታ ራሷ ደነገጠች።

ስለዚህ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና አይደለሁም። ትከሻዬን ያመኛል፣ ስለ እርስዎም ያመኛል። አሁን ግን ላስቲኬን አውጥቼ፣ ፎጣዬን ጎኔ ውስጥ ሸጉጬ፣ እየሠራሁ ነው። ጠዋት ጠዋት ስሠራ እርስዎም እዚያ ጠረጴዛውን ተደግፈው ቱንቢ ሆነው እንደሚወዛወዙ አስባለሁ።

እማዬን ጉልበቷን ይሳሙልኝ፤ ኮትዎን ስታለብስዎ ከቀኙ እጅጌ ትጀምር፣ ሲያወልቁ ከግራው፤ ባለሙያዋ ናት ያለችው። ለትንሿ፣ ወሬ ስላቀበለችኝ ውለታዋን አልረሳም፣ ቪዲዮውን ግን ከስልኩ ታጥፋልኝ። ለአጎቴ በሳሉም በጣሪያውም በርታ ይበሉልኝ፤ ተው ሲልዎ እሱ ልክ ነበር፣ ይኼን ሲሰማ እንዳይኮራ በእግረ መንገድ ይንገሩት። ለጎረቤቶቻችን ለእያንዳንዳቸው፣ ለድመቷም ጭምር፣ ሰላምታዬ ይድረሳቸው።

ለእርስዎ ያለኝ አንድ ልመና ብቻ ነው። እሑድ ስደውል እንዳልጨነቅ ብለው ስልኩን በቀኝ እጅዎ ይዘው እንዳያታልሉኝ። በግራዎ ይያዙት። አልስቅም።

የምትወድዎ ልጅዎ

ከልብስ ማጠቢያው ቤት ፎቅ ላይ ካለችው ክፍሌ
ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ኅዳር 12